ያልተባለው ሦስተኛ «ሂጂ»

አዲስ አበባ
መጋቢት 19 ቀን 1982 ዓ.ም.

ውድ ዐምራን ጃማ፣

«ለጤናሽ እንደምን ነሽ፣ እኔ ካንቺ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ብዬ ጀምሬ ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ጤናሽን ከኸሊፍ ሰምቻለሁ። ትላንት የጅጅጋን መኪና ይዞ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ሲገባ ግቢ ውስጥ አግኝቼው ነበር፤ «ደህና ናት፣ ትንሽ ከስታለች፣ ምላሷ ግን አልከሳም» አለኝ። ናፍቆቱንም ቢሆን በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ አንድ መስመር ያልጻፈ ሰው ባያወራው ይሻላል። ኸሊፍ ቅዳሜ ስለሚመለስ ይህን የምሰጠው ለእሱ ነው። ከደብዳቤው ጋር አንድ የታጠፈ ቅጽ አለ። እሱን አሁን አትክፈቺው፤ መጀመሪያ ይህን ጨርሺ። ትዕግሥት እንደሌለሽ አውቃለሁ፣ ግን ለዛሬ ብቻ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ። እኔ ብቅል የሚባል ነገር አልቀመስኩም፣ ከሻይ በስተቀር። በጤናዬ ነው የምጽፍልሽ፣ በቢሮ ወንበር ላይ፣ በምሳ ሰዓት። ላወራሽ የፈለግኩት ስለዚያ ስለ ሰኔ 1980 ፈተና ነው። እኔ ስለተቀመጥኩበት፣ አንቺ ስለቀረሽበት።

ከሥሩ ልጀምር፤ ከሥሩ ካልጀመርኩ እንደልማዴ ዘልዬ እወጣለሁ።

ጅጅጋ የገባሁት ጥቅምት 1976 ነው። ምደባ ነበር እንጂ ምርጫ አልነበረም፤ ከደብረ ሲና እስከዚያ ድረስ እያለቀስኩ ነው የመጣሁት። ከአውቶቡስ ስወርድ ነፋሱ ሻሼን ከራሴ ላይ ገፎ የአንድ ሱቅ ቆርቆሮ ላይ ሰቀለው። «እንኳን ደህና መጣሽ ማለት ይህ ነው?» ብዬ የማላውቀውን ከተማ ተሳደብኩ። በማግስቱ ሸቀጥ ማከፋፈያው ቢሮ ስገባ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ አቶ ሀብተየስ ወደ አንቺ ጠረጴዛ ወሰዱኝና «ይቺ ዐምራን ናት፣ ሂሳብ ሹማችን። የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ከእሷ ጋር ከተስማማሽ ከጅጅጋ ጋር ተስማማሽ ማለት ነው» አሉኝ። አንቺ ከመዝገቡ ላይ ቀና ብለሽ ከእግር እስከ ራስ አየሽኝና «ሻሽ የላትም?» አልሽ። እንዲህ ነው የተዋወቅነው።

በሳምንቱ ምሳ ቤትሽ ወሰድሽኝ። እናትሽ ሩዝ በፍየል ሥጋ ሠርተው ነበር፤ አንቺ ደግሞ ክርስቲያን መሆኔን አስበሽ፣ ሥጋው ሳይነካው፣ የእኔን ሩዝ ብቻውን በሌላ ድስት ለይተሽ አስቀርተሽልኛል። ይህን ያህል የታሰበልኝ በሕይወቴ ጥቂት ጊዜ ነው። ሆዴ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ይጮሃል። «ብዪ» አልሽኝ። እኔም እናቴ እንዳሳደገችኝ «አይ፣ በልቼ ነው የወጣሁት» አልኩ። «ሀዬ» አልሽ። ሀዬ! እሺ ማለትሽ እኮ ነው። ሳህኑን አነሳሽ። ከዓይኔ ሥር ወሰድሽው! የዚያን ቀን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ባዶ ሆዴን የስኳር ማከፋፈያ ካርድ ስደምር ዋልኩ፤ ሁለት ጊዜ ተሳስቼ ሁለቱንም ጊዜ አንቺ አረምሽኝ።

ከወር በኋላ ስንግባባ ይህን ስነግርሽ ሳቅሽን መቆጣጠር አቃተሽ። እኔም አስተማርኩሽ፦ በእኛ አገር እንግዳ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ሁለተኛም እምቢ ይላል፤ ባለቤቱ በሦስተኛው «በሞቴ» ብሎ ሲለምነው ነው እጁን የሚሰድ። ቶሎ እሺ ያለ ሆዳም ይባላል፤ ሦስቴ ሳይለምን የተወ ባለቤት ደግሞ ከልቡ አልጋበዘም ይባላል። አንቺም በጥሞና አዳመጥሽኝና «ታዲያ ሁለቱን ጊዜ ለምን ትዋሻላችሁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ።  ግን ተማርሽው። እንዲያውም ከእኔ በላይ ተማርሽው። ለደገኛ እንግዳ ሻይ ስታቀርቢ ጣትሽን እየቆጠርሽ ሦስት ጊዜ ትለምኚ ነበር። ደብረ ሲና እናቴ ቤት በመጣሽ ጊዜ ደግሞ ሁለት ጊዜ «ጠግቤያለሁ» ብለሽ፣ በሦስተኛው ስትቀበዪ ለእኔ ዓይንሽን ጠቀስሽኝ። እናቴ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» አለች። እኔ በሳቅ ልፈነዳ ነበር።

ፈተናውን ያመጣሽው አንቺ ነሽ። የለንደን የሂሳብ ባለሙያዎች ማኅበር በፖስታ እንደሚያስተምር፣ ፈተናውን አዲስ አበባ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በታኅሣሥና በሰኔ፣ እንደሚሰጥ፣ ሁሉንም ክፍል ያለፈ ሰው የድርጅቶችን ሂሳብ መርምሮ የሚፈርምበት ፈቃድ እንደሚያገኝ ከአንድ አሮጌ መጽሔት ላይ አንብበሽ ነው። «በዚህ ቢሮ የሚፈርመው ሁሌ ወንድ ነው» አልሽኝ። «እኛ እንሠራለን፣ እነሱ ይፈርማሉ። እስከ መቼ?» እኔ ፈተና የሚባል ነገር አልወድም። አንቺን ማስቆም ግን ማን ችሎ።

የምናጠናበትን ሰዓት የሰጠን ጫቱ ነው፤ ይህን ለአዲስ አበባ ሰው ስናገር አያምኑኝም። ወንዶቹ ምሳ ብለው ይወጣሉ፣ ከምሳ ወደ በርጫ ይዞራሉ፣ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ቢሮው የእኔና የአንቺ ይሆናል። ገንዘብ ያዡ በዛብህ ሲወጣ «ማንም ቢመጣ መጋዘን ነው በሉ» ይለናል፤ እኛም «መጋዘን ነው» እንላለን፣ እነሱም በተራቸው መዝገብ ቤት ውስጥ መጽሐፍ ዘርግተን ምን እንደምናደርግ አይጠይቁንም። ውል ሳይጻፍ እንደዚያ የተከበረ ውል አላየሁም። መጽሐፉ ለሁለታችን አንድ ነበር። ጥያቄዎቹ ደግሞ በማንቸስተር የድንጋይ ከሰል ስለሚሸጥ ሚስተር እገሌ ናቸው። እኔ ከሰሉ አልገባ ሲለኝ አንቺ ወደ ግመል ትለውጪልኛለሽ። አንድ ቀን የእርጅና ቅናሽን በግመል ስታስረጂኝ አባትሽ አቶ ጃማ፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ ለአንቺ ወተት ይዘው መጥተው በር ላይ ቆመው ሰሙን። «በየዓመቱ ከዋጋዋ ይቀነሳል» ስትዪ ተቆጡ፦ «የሚያረጀው መኪና ነው። ግመል ትወልዳለች። ይህን ያስተማረሽ ሰው ግመል አይቶ ያውቃል?» ከዚያ በኋላ በፈተና ላይ ቅናሽ በመጣ ቁጥር የእሳቸው ቁጣ ነበር ትዝ የሚለኝ። አልተሳሳትኩበትም።

ሦስቱን ክፍል አብረን አለፍን። አራተኛውና የመጨረሻው ላይ ነው የተለያየነው። ሕጉን ታውቂዋለሽ፣ ግን ደግሜ ልጻፈው፣ ነገሩ ያለው እዚያ ላይ ነውና፦ የመጨረሻው ክፍል አራት ጊዜ ብቻ ይሞከራል፤ ሳትቀመጪ የቀረሽበትም እንደተሞከረ ይቆጠራል፤ አራቱ ካለቁ ያለፍሽው ሁሉ ተሰርዞ ከሀ ትጀምሪያለሽ። እኔን ታይፎይድ ስለያዘኝ ወደዚህ ክፍል ካንቺ ስድስት ወር ዘግይቼ ነው የገባሁት። አንቺ አንዴ ወደቅሽ፣ በሰኔ 1979 አባትሽ ስላረፉ ቀረሽ፣ በታኅሣሥ በኦዲቱ በጥቂት ነጥብ ወደቅሽ። እኔም በዚያ ሰኔና በዚሁ ታኅሣሥ በኦዲቱ ወደቅኩ። ስለዚህ በሰኔ 1980 ለአንቺ የቀረሽ አንድ ዕድል ነበር፤ ለእኔ ሁለት።

አቶ ሀብተየስ ደግሞ ሰኔ ላይ ሁለት ሰው አይለቁም፤ የሂሳብ መዝጊያችን ሰኔ ሠላሳ ነው። «ልጆች፣ አንዳችሁ ትሂድ፣ አንዳችሁ ትዝጋ» ይሉናል በየዓመቱ። ያለፈውን ሰኔ የሄድኩት እኔ ስለነበርኩ የዚያን ጊዜው ተራ የአንቺ ነው። ክርክር አልነበረበትም። የይለፍ ወረቀትሽም ወጥቶ ነበር።

ከዚያ በግንቦት መጨረሻ የሀርጌሳ ሰው ከጦርነቱ ሸሽቶ በእግሩ መጣ።

ስለዚያ ሳምንት ላንቺ መንገር አይጠበቅብኝም። ሐኪሞች፣ መምህራን፣ ባለሱቆች፣ እግራቸው ደምቶ፣ ልጅ በትከሻቸው አዝለው። ጅጅጋ ውስጥ አንድም ቤት ባዶ አልቀረም፤ የእናንተ ደግሞ ከሁሉ በፊት ሞላ። አክስትሽ ሱዓድ ሰባት ልጆቿንና የጎረቤቷን ልጆች ይዛ ገባች። ማክሰኞ ግንቦት 30 ከሥራ ወጥቼ ስመጣ ግቢው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ሰው ቆጠርኩ። አንቺ የሳሎኑን መጋረጃ አውርደሽ ለልጆቹ ልብስ ትቀድጂ ነበር። አውቶቡሱ ሐሙስ ንጋት ላይ ነው የሚነሳው፤ ፈተናው ሰኞ።

ገና ሳልቀመጥ «አባዮ፣ አንቺ ሂጂ» አልሽኝ። እህቴ ብለሽ ስትጠሪኝ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል፤ ያን ቀን ግን አስደነገጠኝ። «ይህን ሁሉ ሰው ለእናቴ ጥዬ አልሄድም።»

«እንዴ! ተራው የአንቺ ነው፣ ዕድልሽም የመጨረሻ ነው። ሂጂ እንጂ» አልኩሽ።

«አይ፣ ይቅርብኝ።»

ሱዓድ ከወዲያ ማዶ የልጅ ጸጉር እየሠራች በሶማሊኛ አንድ ነገር ተናገረች። ያኔ አልገባኝም ብዬ ነው ያለፍኩት። ገብቶኛል፣ ዐምራን። አምስት ዓመት ጅጅጋ ኖሬ ይህ ይጠፋኛል? «እኛ እጅ አለን፣ እሷ ትሂድ» ነው ያለችው።

«ኧረ ሂጂ» አልኩሽ ሁለተኛ።

«ይቅርብኝ አልኩሽ እኮ» አልሽኝ። መቀሱን ጨርቁ ላይ አስቀመጥሽ። ከዚያ ቀና ብለሽ አየሽኝ። ትጠብቂ ነበር።

እኔም «እሺ፣ እንዳልሽ» አልኩ።

ያን ጊዜ ፊትሽ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው ብዙ ሞክሬያለሁ። ቁጣ አልነበረም። ሂሳብ ደምሮ ደምሮ አንድ ቁጥር እንዳጠረበት ሰው ነበር የሆንሽው። ከዚያ መቀሱን አነሳሽና «በይ፣ ኦዲቱን በደንብ ከልሺ» አልሽኝ።

ከቤታችሁ እስከ ኪራይ ቤቴ ያለውን መንገድ ስሄድ ለራሴ ያልኩትን ልንገርሽ። «እሷ ሶማሌ ናት፣ ቃሏ ቃል ነው፣ አልሄድም ካለች አትሄድም ማለት ነው። እኔ ለምን የአበሻ ነገር አበዛለሁ?» አልኩ። የደገኛውን ልማድ በሩዙ ያስተማርኩሽ እኔ፣ በደገኛው ልማድ ስትናገሪኝ ያልሰማሁ መሰልኩ። ስፈልግ ጨዋ ደገኛ አደረግኩሽ፣ ሳልፈልግ ወደ ሶማሌነትሽ መለስኩሽ። ረቡዕ ጠዋት አቶ ሀብተየስ «ተራው የዐምራን አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። «እሷው ናት ሂጂ ያለችኝ» አልኳቸው። እይው እንግዲህ፣ በዚህ ቃል ውስጥ አንድ ውሸት የለም። ዛሬ በሥራዬ እንደዚህ ያለ ሰነድ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል፤ ፊርማው አለ፣ ማኅተሙ አለ፣ ቀኑ ትክክል ነው፣ ዕቃው ግን መጋዘን ውስጥ የለም።

ለምን እንዳደረግኩት ደግሞ ሳልሸፋፍን ልጻፍ። አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት የኦዲት ክፍል ውስጥ ክፍት ቦታ እንዳለ፣ ፈተናውን ለጨረሰ ሰው እንደሚሰጥ ሰምቼ ነበር። ቦታው አንድ ነው። አንቺ ብታልፊ ለአንቺ ነው። እኔ ደግሞ ከከተማው ልውጣ ልውጣ ብሎኝ ነበር፤ ጦርነቱ ከድንበሩ ማዶ ይሰማል፣ እኔም ፈርቼ ነበር። እስከ ታኅሣሥ መጠበቅ እችል ነበር። አንቺ አትችዪም ነበር። ይህን አውቄ ነው «እሺ» ያልኩሽ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚሉት ተረት ለእኔ ነው የተተረተው። አዎ፣ አውቄ ነው።

ፈተናውን አለፍኩ። ውጤቱ ነሐሴ ላይ ሲመጣ ፖስታውን ከፖስታ ቤት ያመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ቢሮው መሐል እልል ያልሽውም አንቺ ነሽ፤ በዛብህ እንኳን በርጫውን ትቶ ለእኔ ለስላሳ ገዛ። አንቺ አቅፈሽ ሳምሽኝና «አሁን የምትፈርም ሴት አለችን» አልሽ። አለችን! 

መስከረም ላይ ልሰናበት እናንተ ቤት ስመጣ አንቺ ሱቅ ሄደሽ ነበር። እናትሽን ሆዮን ብቻቸውን አገኘኋቸው፤ እንደ አንቺው ሆዮ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፣ እሳቸውም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ። ሻይ ቀዱልኝና በዚያች ቃል ቆጥረው በሚናገሯት አማርኛቸው «ዐምራን ሻንጣ አዘጋጅታ ነበር» አሉኝ። «ረቡዕ ቀኑን ሙሉ በር በር አየች። እታገኘሁ ትመጣለች አለች። ሐሙስ አውቶቡስ ሄደ። ልብሱን አወጣች።» አልወቀሱኝም። አልተቆጡም። ሻዩ እንዳይበርድብኝ አሳሰቡኝ። እኔ ምን ብዬ መለስኩላቸው መሰለሽ? «በሉ ሆዮ፣ ደህና ይሁኑ።» ይኸው ነው። ከልጃቸው ጋር አምስት ዓመት በአንድ መጽሐፍ ካነበብኩ በኋላ።

አንቺም አንድ ቀን አላነሳሽብኝም። ብታነሺብኝ፣ ብትሰድቢኝ፣ ፊት ብትነሺኝ፣ በአፌ ተከራክሬ አሸንፍሽ ነበር፤ አፌን ታውቂዋለሽ። ዝም ስላልሽ ተሸንፌ ቀረሁ።

ያ ሁሉ ካለፈ በኋላ ይህን መጻፌ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሊመስልሽ ይችላል። ቢመስልሽም አልፈርድብሽም። ግን ወሬ ብቻ ይዤ አልመጣሁም።

ባለፈው ኅዳር ለለንደኑ ማኅበር ጻፍኩ። አራተኛ ዕድሏን በጦርነት በተፈናቀሉ ዘመዶቿ ምክንያት ያጣች ተፈታኝ አለች፣ ያለፈቻቸው ክፍሎች ሊመለሱላት ይችላሉ ወይ ብዬ። መልሳቸው በጥር መጣ፦ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሁኔታውን በሚያውቀው ልክ፣ ሙሉውን፣ በፊርማው ካረጋገጠ ጉዳዩ ለኮሚቴ ይቀርባል አሉ። ሙሉውን። ሦስት ቀን ቃሉን አየሁት። ዘመዶቿ መጡባት ብዬ ብቻ ብፈርም ማንም አይጠይቀኝም፤ ሰነዱ የተሟላ ነው። ግን ያንን ዓይነት ሰነድ ከፈረምኩ ፈተናውን ያለፍኩት ለምንድን ነው? ስለዚህ ሁሉንም ጻፍኩት። ቤተሰቧ ሊለቃት ዝግጁ እንደነበር፣ የመሄድ ተራው የእሷ እንደነበር፣ እኔ ሌላ ዕድል እያለኝ እሷ እንዳልነበራት እያወቅኩ እንደወሰድኩባት፣ ከታች የፈረምኩት እኔ መሆኔን። ላንቺ ከመንገሬ በፊት ለማላውቃቸው እንግሊዞች ነው የተናዘዝኩት፤ ይህም ያሳፍረኛል። ፖስታ ቤት አስገብቼው ስመለስ ፈቃዴን መልሺ ቢሉኝ ምን እላለሁ እያልኩ ነበር።

መልሱ ባለፈው ሳምንት ደረሰኝ። ስለ እኔ ያሉት አንድ መስመር ነው፤ «የገለጹት ተመዝግቧል» ይላል። ይመዝገብ። ስለ አንቺ ግን እንዲህ ይላል፦ ያለፍሻቸው ሦስቱም ክፍሎች ጸንተዋል፤ ለመጨረሻው ክፍል አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በመጪው ሰኔ እንድትቀመጪ ተፈቅዷል። ከዚያ በኋላ ሌላ የለም።

አሁን ቅጹን ክፈቺው። ስምሽን እኔ ሞልቼዋለሁ፤ ዐምራን ጃማ ዲሪዬ፣ የአያትሽን ስም ጭምር። የአንቺ ሥራ ፊርማ ብቻ ነው። ለኸሊፍ ስጪው፤ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ እዚህ መድረስ አለበት። በመኪናው ላይ አንድ ካርቶን አለ፤ አዲሱ የኦዲት መጽሐፍና የሦስት ዓመት የፈተና ጥያቄዎች ናቸው። ኦዲቱ ተለውጧል፣ የድሮውን አትመኚው። ከሚስተር እገሌ ከሰል ወጥተው ወደ አየር መንገድ ገብተዋል፣ አንቺ ደግሞ እንደ ልማድሽ ወደ ግመል መልሺው። ሰሞኑን ቅይጥ ኢኮኖሚ ከተባለ ወዲህ እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የግል ቢሮ ስለመክፈት ነው የሚያወራው። የሚፈርም ሰው ይፈለጋል። ጅጅጋ ውስጥ ደግሞ ማን አለ?

ፈተናው ሰኞ ሰኔ 4 ይጀምራል። መዝጊያውን ታነሺብኛለሽ፣ አውቃለሁ። ለአቶ ሀብተየስ ስልክ ደውዬላቸዋለሁ። መጀመሪያ «ሰኔ ላይ? በፍጹም!» ብለው ጮኹ። የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ግንቦት 27 ጅጅጋ እገባለሁ፣ እሷ እስክትመለስ ወንበሯ ላይ ተቀምጬ እዘጋለሁ አልኳቸው።  «እንግዲያውስ አንዳችሁ ትሄዳለች፣ አንዳችሁ ትዘጋለች። ደንቡ አልተጣሰም» አሉኝ። ደግሞ የዋናው መሥሪያ ቤት ኦዲተር የቅርንጫፍ መዝገብ ልትዘጋ አይገባትም ብለሽ እንዳትከራከሪኝ፤ የዘንድሮውን የጅጅጋ ምርመራ ለሌላ ሰው እንዲሰጡልኝ በጽሑፍ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል። እንደ ኦዲተር ሳይሆን እንደ ድሮዋ ረዳትሽ ነው የምመጣው። ስደምር ብሳሳት ሄደሽ ስትመጪ ታርሚኛለሽ።

ቤቱንም አስቤበታለሁ። ኸሊፍ ሱዓድና ልጆቿ አሁንም ከእናንተ ጋር እንዳሉ፣ ሆዮም ጉልበታቸውን እንደሚያማቸው ነግሮኛል። ኪራይ አልፈልግም፤ አንቺ ስትሄጂ በአንቺ መደብ ላይ እተኛለሁ። ውሃ መቅዳት አልረሳሁም። በምግብ ማብሰሌ ግን ልጆቹ ላይ አልፈርድም፣ እሱን ሱዓድ ትያዘው። ሆዮ ከፈለጉኝ ያስገቡኝ፤ ካልፈለጉኝ በር ላይ ቆሜ ምክንያቱን እሰማለሁ፤ ባለፈው ሳልሰማ ነው የወጣሁት።

አዲስ አበባ ስትደርሺ የምታርፊው እኔ ቤት ነው፤ ቁልፉን በኸሊፍ ልኬልሻለሁ፣ ከካርቶኑ ውስጥ በመጽሐፉ መካከል ነው። እኔ ስለማልኖር ፊቴን ማየት የለብሽም። ይህን ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት፤ ፈተና ላይ ያለ ሰው ከማይፈልገው ሰው ጋር ቁርስ መብላት የለበትም።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ይህን ሁሉ ያሰናዳሁት ይቅር እንድትዪኝ መስሎሽ በእልህ እንዳትቀሪብኝ፤ እልህሽን አውቀዋለሁ። ይቅርታው ሌላ ጉዳይ ነው። ከፈለግሽ በሐምሌ፣ ከፈለግሽ በሌላ ዓመት፣ ከፈለግሽ በጭራሽ። ፈተናው ግን በሰኔ ነው። ተቆጥተሽ ሂጂ፣ እየረገምሽኝ ሂጂ፣ መንገዱን ሁሉ ለኸሊፍ እያማሽኝ ሂጂ። ወረቀቱ ላይ ስለ እኔ የሚጠይቅሽ የለም።

እታገኘሁ